አምስት ሰው፣ አራት ምክንያት

በጅቡቲ ቦርሳዬን ሳልከፍት የገባሁበት በር ትዝ አይለኝም። ባንክ ስገባ እፈተሻለሁ፣ ሐኪም ቤት ስገባ እፈተሻለሁ። አንድ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ለሠርግ ተጠርቼ፣ ለሙሽራዋ የያዝኩትን ስጦታ በር ላይ አስፈትተው ካዩ በኋላ የተቀደደውን መጠቅለያ በእጄ አስይዘው "መልካም ሠርግ" አሉኝ። ከአምቡሊ አየር ማረፊያ የጦር አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የሱቄ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። የስንቱ አገር ወታደር እዚህች ጠባብ ከተማ ሰፍሯል፤ ሁሉም የመጣው ከአሸባሪ ሊጠብቀን ነው ይባላል። እኔ ሲጠበቅ ያየሁት ቦርሳዬን ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

አሸባሪ የሚባሉት እነዚያ ሰዎች ደግሞ እንደልባቸው ናቸው። ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር አዲስ ስም፣ አዲስ አለቃ፣ አዲስ አገር እሰማለሁ። ትናንት በረሃ ውስጥ ናቸው የተባሉት ዛሬ ወደብ ዳር ይታያሉ፤ ዛሬ ተደመሰሱ የተባሉት ነገ ጎረቤት አገር ገብተው ነጋዴውን ግብር ያስከፍላሉ። ቪዛ የሚጠይቃቸው የለም። እኔ ግን ተወልጄ ወዳደግኩባት ድሬዳዋ ለመሄድ፣ ያውም በአንድ ቀን መኪና ለሚደረስበት መንገድ፣ ወረቀቴን በየኬላው ስዘረጋ እውላለሁ። ባለቤቴ ይህን ንዴቴን ስለለመደው ሬዲዮው ሲከፈት ቀስ ብሎ ይወጣል።

ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አለን፤ ድሪያ ለሚባለው ሰፊ የሴቶች ቀሚስ የሚሆን ስስ ጨርቅ እንሸጣለን። ቤታችን ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ታላቅ እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከድሬ መጥታ አብራን ትኖራለች። እትዬ ነው የምላት፤ እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ይህን ያህል ዓመት ጅቡቲ ኖራ ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አልተማረችም። "ለሰላምታ ሶማልኛ ይበቃኛል፣ ለስድብ አማርኛ አለኝ" ትላለች። ያላት አንድ ልጅ ነበር።

ልጁ ፍሪጅ ይጠግናል። እጁ የተባረከ ነበር፤ የሞተ ሞተር ጆሮውን አስጠግቶ አዳምጦ በሽታውን ይናገራል። ከድንበር ማዶ ባለ አንድ የወደብ ከተማ ዓሣ የሚያቀዘቅዙ ነጋዴዎች ጠሩትና ሄደ። እትዬ ለሦስት ቀን አኮረፈች። "እዚያ እኮ ቦምብ አለ" ብትለው "እማ፣ ቦምብ ባለበትም ዓሣ ይበላሻል፣ ፍሪጅ ያስፈልጋል" ብሎ ሳቀባት። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውልላታል። ያን ስልክ ስትጠብቅ ምሳ አትቀምስም።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን፣ ምሳ ሊበላ ከተቀመጠበት ምግብ ቤት በር ላይ እነዚያ ሰዎች መኪና አፈነዱ። ረቡዕ ጠዋት አብሮት የሚሠራ ጓደኛው ለእኔ ደወለ። እዚያው ቀብረውታል። የተቃጠለውን ግድግዳና የመቃብሩን ፎቶ ላከልኝ። ለደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ ነበር፤ ሴትዮዋ "አሳጠርሽብኝ" ስትለኝ ድምጿ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። ዓሣ የሚያቀዘቅዝ ልጅ ምን አደረጋቸው?

ድሬ ላለው ታላቅ ወንድማችን ደወልኩ። አልቅሶ ሲጨርስ ወዲያው ትእዛዝ ሆነ። "በሰው አገር እንዳትነግሯት። ሐሙስ ይዛችኋት ውጡ። ዓርብ በማለዳ፣ በአባቷ ቤት፣ ዘመድ ተሰብስቦ እኛው እንነግራታለን።" መርዶ በእኛ ቤት እንዲህ ነው። ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስትጮህ አብሯት የሚጮህ ሰው ዙሪያዋን ሳይቀመጥ አይነገራትም። እስከዚያው ሁሉም ይዋሻታል።

ይህን ልማድ ስንት ጊዜ በሆዴ እንደረገምኩት አላህ ያውቃል። ለእትዬ ግን እኔም ፈለግኩት። አባታችን የሞተ ጊዜ እሷ የሰማችው ገበያ መሃል፣ ከአንድ አፈ ልቅ ጎረቤት ነው። "ቲማቲም እየመረጥኩ እኮ ነው የነገሩኝ" እያለች ስንት ዓመት አለቀሰች። ከአባቷ ሞት ይልቅ ቲማቲሙ ያንገበግባታል። "እኔ የማንም አይደለሁም? አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አጣሁ?" ትል ነበር። ስለዚህ የልጇን ሞት እንደ ሰው፣ በወግ እንድትሰማ ለራሴ ማልኩ። ከዓርብ ጁምዓ በፊት መሆን አለበት፤ ስልኩ የማይደወልበት ሰዓት ከደረሰ ማንም ሳይነግራት ራሷ ታውቀዋለች።

ከዚያማ ውሸት በውሸት ሆንን። እኔ ለእትዬ "ድሬ ያለው ወንድማችን ታሟል፣ ሊያይሽ ይፈልጋል" አልኳት። ስልኳ ላይ ሰው ሁሉ የሐዘን ጽሑፍ መላኩ ስለማይቀር፣ ከትራሷ ሥር አንስቼ "መስታወቱ ሊሠራ ሄዷል" አልኩ። ባለቤቴ ሱቁ ለምን እንደተዘጋ ለጠየቀው ሁሉ "ለሠርግ ልንሄድ ነው" አለ፤ እውነቱን ቢናገር ገበያው በሙሉ ለለቅሶ ቤታችን ይመጣ ነበር። መርዶውን እንዲያረዱ የሰፈራችንን ሼኽ ለመንናቸው። ሼኹ ሽማግሌ ናቸው፣ እሺ አሉ፣ ግን "እኔ አልዋሽም። ከጠየቀችኝ ዝም እላለሁ" ብለው አስጠነቀቁን። ለሾፌሩ ባለቤቴ የነገረው "ምንም አትጠይቅ" ብቻ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛው ከከተማ ሳይወጣ አለቀ፤ ምክንያቱም የምናውቀው ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠን የትኛውን ውሸት እንደምንዋሽ አልተስማማንም። እንዲህ ዓይነት ጅልነት የሚሠራው ሐዘን የሚደብቅ ሰው ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። ኸምሲኑ፣ ያ የበረሃ ትኩስ ነፋስ፣ ይነፍሳል፣ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይገባል። እትዬ ለታመመው ወንድሟ ጥቁር አዝሙድና ማር በፌስታል ይዛ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። "ምኑን ነው ያመመው? ሆዱን ነው? ወገቡን ነው? አቦ፣ በትክክል ንገሪኝ እንጂ!" ትለኛለች። እኔ "ስንደርስ ታይዋለሽ" እላለሁ። ሼኹ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታሉ።

ከከተማው መውጫ ላይ አዲስ ኬላ ቆሟል። ብረት አጥር፣ ኮንቴይነር፣ ጥላ የሌለው ሜዳ። ለምን እንደቆመ ስጠይቅ፣ ከድንበር ማዶ ማክሰኞ ዕለት ፍንዳታ ስለነበረ ጥበቃው ተጠናክሯል አሉኝ። ይህን ስሰማ ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላወቅኩም። የእህቴን ልጅ በገደለው ቦምብ ምክንያት የእህቴ መኪና ተይዞ ቆመ ማለት ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ሻንጣችንን ፈተሹ፣ ማሩን አሸተቱ። ከዚያ አንድ ወጣት መኮንን መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ፈረንሳይኛው የትምህርት ቤት። በእጁ የተጻፈ የጥያቄ ዝርዝር ይዟል። አንድ በአንድ እየጠራ ኮንቴይነሩ ውስጥ ጠየቀን። ሥልጠናው እንደዚያ ነው ይመስለኛል፤ ለየብቻ ጠይቅ፣ መልሱን አስተያይ። አምስታችንም ገብተን ወጣን። እኔ የገባሁት መጀመሪያ ስለነበር የታመመውን ወንድማችንን ተናግሬ፣ ሌሎቹ ምን እንዳሉ ሳላውቅ መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ እኔን ብቻ መልሶ ጠራኝ። ወረቀቱን እያየ "ማዳም፣ አንድ መኪና፣ አምስት ሰው፣ አራት ምክንያት" አለ። እኔም፣ በተሰባበረ ሶማልኛዋ እህቴም፣ የታመመ ልንጠይቅ ነው ብለናል። ባለቤቴ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ገበያ ውስጥ ሲናገር የዋለው ምላሱ ላይ ተጣብቆ፣ "ለሠርግ" ብሏል። ሾፌሩ "አላውቅም፣ አትጠይቅ ተብያለሁ" ብሏል። ሼኹማ ብሰው ተገኙ። አልዋሽም ያሉት ሼኽ "መልእክት ይዤ ነው የምሄደው" ብለዋል። ምን መልእክት ነው፣ ለማን ነው ሲባሉ "ሰዓቱ ሳይደርስ መናገር አልችልም" ብለው ዝም።

ለአንድ አፍታ ራሴን በመኮንኑ ቦታ አስቀመጥኩት። እኔም ብሆን አስር ነበር።

በሩ ዝግ ነው፣ እትዬ መኪና ውስጥ ናት፣ ፈረንሳይኛም አትሰማም። ስለዚህ በፈረንሳይኛ እውነቱን ነገርኩት። የእህቴ ልጅ ከድንበር ማዶ ፍንዳታው ላይ ሞቷል፣ እናቱ አልሰማችም፣ ድሬ ወስደን ልንነግራት ነው አልኩት።

"መቼ ሞተ?"

"ማክሰኞ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው። እርስዎ ያውቃሉ፣ ባለቤትዎ ያውቃሉ፣ ሼኹ ያውቃሉ፣ እናቱ አያውቁም?"

"ሾፌሩም አያውቅም" አልኩት፤ ምን ይጠቅመኛል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

"እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል" አለ። ንግግሩ ስድብ አልነበረም፤ ከልቡ አልገባውም። ከዚያ ማስረጃ ጠየቀኝ። እኔም ሞኟ፣ ደስ ብሎኝ ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት። የተቃጠለው ግድግዳ አለ፣ የተገነጠለው የመኪና በር አለ፣ መቃብሩ አለ፣ የላከው ሰው ቁጥር የዚያ አገር ቁጥር ነው። የወጣቱ መኮንን ፊት ሲለወጥ አየሁት። ያኔ ነው ምን እንዳሳየሁት የገባኝ። ሐዘንተኛ ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ፣ ገዳይ ስልክ ውስጥ ከሚገኘው ፎቶ በምንም አይለይም። ስልኬን ይዞ ተነሳና ለአለቃው ደወለ።

አለቃው እስኪመጣ ድረስ ቃሌን በኮምፒውተር ልጻፈው አለና ሁሉንም ከመጀመሪያው አስደገመኝ። የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ለምን ሄደ፣ ማን ጠራው፣ ስንት ፍሪጅ ጠገነ። "ስንት ፍሪጅ ጠገነ" ሲለኝ ደሜ ፈላ። የዓሣ ነጋዴዎቹን ስም ዝርዝር አምጪ ሊለኝ ትንሽ ነው የቀረው። በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ጫት የጫኑት መኪኖች ከወዲያ ማዶ ጥሩንባቸውን እየነፉ ወደ ከተማ ይከንፋሉ፤ አጥሩ ገና ሳይደርሱ ይነሳላቸዋል። ጫቱ ለምሳ ሰዓት ካልደረሰ ከተማው ይታመማል። የእኛ መርዶ ግን ቢዘገይ ማንም አይታመምም።

ባለቤቴ መጥቶ በሩን አንኳኳ። "ምን አልሻቸው?" አለኝ በጆሮዬ።

"አንተ ምን እንዳልክ ስለማውቅ እኔ ያልኩትን ተወው" አልኩት። "ሠርግ! የማን ሠርግ? የእኔን ሁለተኛ?"

"አቦ፣ አፌ ላይ የመጣውን ነው" አለ። ዓይኑ ቀልቷል። የእትዬን ልጅ እሱ ነበር ሳይክል ያስተማረው። አዘንኩለት፣ ግን ንዴቴ አልበረደም።

አለቃው መጣ። ጠና ያለ ሰው ነው፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱን ያመዋል። ሦስተኛውን ጊዜ ለእሱ በፈረንሳይኛ ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ግን እሱም እንደ ወጣቱ "ታዲያ ሼኹ የያዙት መልእክት ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። መርዶ የሚለውን በፈረንሳይኛ እንዴት አድርጌ ልንገረው? "የሞት ዜና" አልኩት። "ዜናማ ሬዲዮም ይናገራል፣ ለዚህ ሼኽ ይጫናል እንዴ?" ብሎ ወጣቱ ጣልቃ ገባ። ዝም በል አልኩት። መኮንን ዝም በል አልኩ።

ይህን ስንባባል መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣው አቃስቶ ቆመ። ኮንቴይነር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ነው፤ ወጣቱ ተነስቶ በሩን ከፈተው። አለቃው መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገና ትክ ብሎ አየኝ። በአማርኛ፣ ያውም በእኛው በድሬ አማርኛ፣ "የድሬ ልጅ ነሽ አይደል?" አለኝ። አባቱ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር፣ እሱም ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያ ነው። "አቦ፣ ፈረንሳይኛውን ተይው። እህቴ፣ ረጋ ብለሽ በአማርኛ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።"

ደግነት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ብቸኛው የደግ ሰው ቃል ያ ነው። እኔ ግን "ከመጀመሪያው" የምትለዋ ቃል ብቻ ተሰማችኝ። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል፣ አሸዋው በበሩ ይገባል፣ ስልኬ በእነሱ እጅ ነው፣ ሰዓቱ ይነጉዳል፣ ድሬ ሳይመሽ አንደርስም። ከረቡዕ ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ሬዲዮው፣ ቦርሳው፣ እነዚያ ስማቸው የማያልቅ ሰዎች፣ የፍሪጁ ቁጥር። ተነስቼ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁትና በአማርኛ ጮህኩ።

"ሞተ አልኳችሁ! የእህቴ ልጅ ሞተ! ፈነዳበት፣ ሞተ፣ ቀበሩት! እናቱ አልሰማችም፣ እንዳትሰማ ነው ይህ ሁሉ! ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?"

አለቃው አላየኝም። ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ እያየ ቀስ ብሎ ተነሳ።

እትዬ በሩ ላይ ቆማለች። በሩ ሲከፈት እንዴት እንዳላበኝ ከመኪናው ሆና አይታ ኖሮ፣ ውሃ ይዛልኝ መጥታለች። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከኋላዋ ሼኹ እየሮጡ ይመጣሉ፤ ያን የሚያህል ሽማግሌ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴም አለ። ሁለቱም ሳይደርሱባት ቆሙ።

አልጮኸችም። እንድትጮህ ፈለግኩ። እንድትወድቅና እንድይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ አልወደቀችም። ወደ ውስጥ ገባች፣ ጠርሙሱን እጄ ላይ አስቀመጠችና "ጠጪ" አለችኝ። ከዚያ ወደ አለቃው ዞረች።

"ስንት ጊዜ ነገረችህ?"

አለቃው ቆቡን አውልቋል። ወጣቱን በፈረንሳይኛ ጠየቀው፤ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰለት። "ከአሁኑ ጋር አራት ጊዜ፣ እናቴ" አለ አለቃው።

እትዬ ተመለከተችኝ። ዓይኗ ገና እንባ አልነበረውም።

"ለእነዚህ ለማታውቂያቸው ሰዎች አራት ጊዜ" አለችኝ። "ለእኔ አንድ ጊዜ እንኳ፣ እህቴ?"